ከምጣዱ ሥር ያለው ክርክር፦ ስድስት ቀን በወሎ

ቅዳሜ፤ ከአዲስ አበባ ደሴ

አባዱላው ከላምበረት መናኸሪያ የወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ወጣ ስል ከግቢው ወጣ ማለቴ ነው። ከዚያ በቀጥታ የማደያ ሰልፍ ያዝን። ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ክርክሩም እዚያው ተጀመረ።

«ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ደብረ ብርሃን ነበርን» አለ ከኋላ አንዱ።

ሾፌሩ በመስታወት አየው። «ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው ወንድሜ። የት ልሰካው? ጣርማበር ጉም ውስጥ?»

መኪናው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ትንሽ ነካችኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ይህን ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ያንገበግበኛል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ የራሳችን ነው። ወሎ የምሄደውም ሰው ስለ አየር ንብረትና ስለ ኃይል ምን እንደሚል ለመስማት ነው። ባይሳካ እንኳ የጓደኛዬ እናት ቡና አለ።

ጣርማበር ላይ እውነትም ጉም ነበር። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወረድን። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራብ ወለቀ። ከግራና ከቀኝ ያለው ማሳ ደረቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከመስኮቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

የለጋምቦ ሰው ናቸው። ለጋምቦ፣ ደላንታ፣ እንዲህ ያለው የወሎ ደጋ ብዙው ኑሮው በበልግ ዝናብ ላይ ነው። የሌላው አገር ገበሬ ክረምትን ሲጠብቅ እነሱ የካቲትና መጋቢትን ይጠብቃሉ። ገብሱ የሚበቅለው በዚያ ነው።

«ድሮ በዚህ ጊዜ ዘርተን ጨርሰን ነበር» አሉኝ። «አሁን በልግ እንደ ባለዕዳ ሆነብን። ይመጣል ስትለው ይቀራል፣ ቀረ ስትለው ለአንድ ቀን ብቅ ይላል።»

ከፊት ያለ ወጣት ስልኩን ይዞ ዞረ። «አባባ፣ ይሄ የአየር ንብረት ለውጥ የሚሉት የፈረንጅ ቢዝነስ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ራሱ ማጭበርበሪያ ነው ብሎ ተናግሯል። ይኸው ቪዲዮው።»

ሽማግሌው ስልኩን አላዩትም። «ማን አልከኝ?»

«የአሜሪካው ፕሬዚዳንት።»

«እሱ በልግ ያርሳል?»

ሾፌሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጥሩምባ ነፋ። ልጁ ግን ቀላል ልጅ አይደለም። ሳቁ ሲበርድ ሌላ ነገር አመጣ። እነሱ መቶና ሁለት መቶ ዓመት ከሰልና ነዳጅ አቃጥለው በለጸጉ፣ አሁን እኛን አታቃጥሉ ይሉናል አለ። ይሄኛው ይከብዳል። ከነዳጅና ከከሰል ከሚወጣው የዓለም ካርቦን የመላው አፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ልጁ ሁለት ክርክር በአንድ ትንፋሽ ቀላቅሏል፤ «ውሸት ነው» እና «ግፍ ነው»። ውሸት ከሆነ ግፉ የት አለ? ይህን ልጠይቀው ስል ከሚሴ ደርሰን ወረደ።

እሁድ፤ ደሴ

ጦሳ ጉም ለብሷል። ብርዱ የደሴ ብርድ ነው።

የጓደኛዬን እናት እማ ነው የምላት። እሁድ እሁድ የሳምንቱን እንጀራ ትጋግራለች። ማድ ቤቷ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከበስተጀርባው ሦስት ጉልቻ አለ፤ አጠገቡ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተከምሯል።

«እማ፣ መብራት እያለሽ ይሄ ለምንድን ነው?»

«ቆይ፣ አሁን ይነግርሃል።»

ሰባተኛው እንጀራ ላይ መብራት ሄደ። እማ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሊጡን ይዛ ወደ ጉልቻው ዞረች፣ ቅጠሉን ለኮሰች። ከመቀመጫዋ እንኳ ብዙ አልራቀችም። ማድ ቤቱ የተሠራው መብራት እንደሚሄድ ታስቦ ነው።

የእንጀራ ምጣድ ቀላል ዕቃ አይደለም። አንዱ ብቻ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል። የአንድ ሰፈር ሴቶች እሁድ ጠዋት እኩል ሲሰኩ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከሰዓት ቡና ተፈላ፤ በከሰል ነው፣ እሱ አላከራከረም። ጡረታ የወጡ መምህርና አንዲት ጎረቤት መጡ። ወሬው በቀጥታ ግድቡ ላይ አረፈ። ሁሉም ቦንድ ገዝተዋል። መምህሩ ቁጥሩን እንደ ልጃቸው ዕድሜ ያውቁታል፦ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሜጋዋት እኔ ቤት ለምን ሰባት እንጀራ አልፎ አይሄድም?» አለች እማ።

«ጋኑ ሞልቷል እትዬ። ማንቆርቆሪያው ነው ቀዳዳ» አሉ መምህሩ። መስመሩን፣ ማከፋፈያውን፣ ትራንስፎርመሩን ማለታቸው ነው።

ጎረቤቷ አልተዋጠላትም። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ካርድ በሞላች ቁጥር ቆጣሪው የሚያሳያት ቁጥር እያነሰ ነው። «ለእኔ ዋጋ ይጨመራል፣ ለቢትኮይን ይሸጣል» አለች። ቢትኮይን፣ ያን ብዙ መብራት በሚበሉ ኮምፒውተሮች የሚሠራውን የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ከደሴ ባለ ነጠላ እናት አፍ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። መምህሩ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል ብለው ተከላከሉ። እሷ ምንዛሪ አይጋገርም አለች። ይህን ክርክር እኔ የምፈርደው አይደለም፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ጣል አደረግሁ። ከኤሌክትሪካችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ውሃው ከዝናብ ነው። ዝናቡ ቢዛባ መብራቱም ይዛባል አልኩ።

እማ ሦስተኛውን ጀበና እየቀዳች «እሰይ! ለዝናቡም ለመብራቱም አንድ ዱዓ ይበቃል ማለት ነው» አለች። እማ ክርስቲያን ናት። ወሎ ነው፤ ዱዓውም ምህላውም የጋራ ነው።

ሰኞ፤ ባቲ

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ሌላ ቀን መሄድ ትርጉም የለውም።

ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ከአዋሽ ወዲህ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ አየሁት። በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። ምሰሶው አለ፣ ሐዲዱ አለ። ባቡር አላየሁም። ፍየሎች አየሁ። ሥሩ የቆመ ባለባጃጅ ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል። ፎቶ ላነሳ አሰብኩና አፈርኩ።

ባቲ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከደጋ የመጣው፣ ከቆላ የመጣው፣ ከአፋር የመጣው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ነው። ግመል፣ ፍየል፣ ጨው፣ ጨርቅ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ በአንድ ጉሮሮ። የቅኝት ስም የሆነች ከተማ ናት፤ ጫጫታዋ ግን ምንም ቅኝት የለውም።

እኔን የያዘኝ የከሰሉ ተራ ነው። በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ አፉ በቅጠል ተከድኖ፣ ተደርድሯል። አንዲት ሻጭ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ከምን ዛፍ ነው?»

«ከክፉው።»

ክፉው ማለት ፕሮሶፒስ ነው። በየሰፈሩ ሌላ ሌላ ስም አለው፤ ከስሞቹ አንዱ ፖለቲካ ስላለበት ልተወው። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ወደ አፋር የገባ እሾሃማ ዛፍ ነው። ከብቱና ፍየሉ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በፋንድያው በየሄደበት ይዘራል። ዛሬ ምርጥ የግጦሽ መሬት ሸፍኗል። አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ስታየው ደስ ይላል። አፋሩ አርብቶ አደር ግን ሲያየው አይደሰትም።

ክርክሩን የጀመረው ከሰል ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ነው። ይሄ ዛፍ መጥፊያው ከሰል ነው፣ ሰው ያግኝበት፣ አገሩም ይጽዳ አለ። ደህና ሐሳብ ነው። ግመል ይዞ የቆመ አንድ የአፋር ጎልማሳ በአማርኛ መለሰለት።

«ከላይ ትቆርጠዋለህ፣ ከሥር አምስት ሆኖ ይመጣል። ሥሩን አትነቅልም። ሥሩ ከሰል አይሆንህም።»

«ታዲያ እንተወው?»

«አትተወው። ግን የእሱን ፈቃድ ይዘህ ግራሩን አትቁረጥ።»

ሻጯ ዝም አለች። ነጋዴውም ዝም አለ። ከማዳበሪያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ከክፉው ይሁን ከግራር ማን ያውቃል? አንድ ጊዜ ከሰል ከሆነ በኋላ ዛፍ ሁሉ አንድ ነው።

ቆይቼ ሻጯን ለብቻዋ ጠየቅኋት። ከሰል ይከልከል ቢባልስ? «ይከልከሉዋ» አለችኝ። «ደሴ ቡናውን በምን ሊያፈላ?» ለእሷ የከሰሉ ጥያቄ ባቲ ላይ አይደለም። ትናንት የጠጣሁት ሦስት ስኒ ትዝ አለኝ፤ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም።

ማክሰኞ፤ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ላዩን ስታየው ግን ጸጥ ያለ ሰሃን ነው። ጠዋት እስጢፋኖስ ገዳም ሄድኩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ነው። በዛፍ ተሸፍኗል፤ በዙሪያው ያለው ኮረብታ ግን ራቁቱን ነው። አንድ መነኩሴ «እዚህ ቅጠል የሚቆርጥ የለም፣ ይፈራል» አሉኝ። የደን ጥበቃ መምሪያቸው ያ ነው፤ በደንብ ይሠራል።

ምሳ ቆሮሶ ዓሣ በላሁ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ አባትና ልጅ ዘንድ ሄድኩ። አባት በቤንዚን ሞተር ውሃ ይስባሉ። ልጅ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የፀሐይ ፓነል ያለው ፓምፕ መግዛት ይፈልጋል። ሁለቱ ስለዚህ ጉዳይ ከተኳረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እኔ እንግዳ ስለሆንኩ በእኔ በኩል መነጋገር ጀመሩ።

«ንገረው» አለ ልጅ። «ፀሐይ ሰልፍ የላትም። ዋጋም አትጨምርም።»

«ንገረው» አሉ አባት። «ተራዬ ሌሊት ሲደርሰኝ ፀሐይ አታጠጣም።»

ልጅ ገንዳ ሠርተን ቀን እንሞላለን አለ። አባት ገንዳውን በማን ሲሚንቶ አሉ። ከሁሉ የከበደው ግን ይሄ አልነበረም። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት መንደሩ ውስጥ ፓነል ተክሎ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ አንስቶ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ከውስጡ አንዲት ዕቃ ተቃጠለች። የሚጠግን ጠፋ። ዛሬ ፓነሉ የዶሮ ቤት ጣሪያ ነው።

«ሞተሬን» አሉ አባት «ማንም ባለጋራዥ ይፈታታል።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የፀሐይ ኃይል ዋጋ በዓለም ላይ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ መውረዱን ላወራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ዋጥኩት። ዋጋው የወረደው ቻይና ነው፤ ያቺን ዕቃ የሚቀይር ሰው ያልተገኘው ሐይቅ ነው።

ከዚያ ወሬው ወደ ድርቅ ዞረ። አባት የአየር ንብረት ለውጥ የሚለውን ነገር ብዙ አይቀበሉም። ምክንያታቸው የስልክ ቪዲዮ አይደለም፤ ዕድሜያቸው ነው።

«በ66ቱ ልጅ ነበርኩ። በ77ቱ ወንድሜን ቀበርኩ። ያኔ መኪናው የት ነበር? ፋብሪካው የት ነበር? አያቶቻችንስ ክፉ ቀን ያሉት ከዚያ በፊት አይደለም? ድርቅ ለወሎ እንግዳ ነው እንዴ?»

ይህን ያህል ጠንካራ የጥርጣሬ ክርክር ከፈረንጅም ሰምቼ አላውቅም። ደግሞም የተሳሳተው ግማሹ ብቻ ነው። የማውቀውን ነገርኳቸው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የመጣው ድርቅ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር። ያን ዓመት ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምታችንን አዳክሞታል። ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜውን የዝናብ እጥረት መርምረው የሰው ልጅ አሻራ በግልጽ አላገኙበትም፤ አላገኘንም ብለውም ጻፉ። ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ቦረናን፣ ሶማሌን፣ ኬንያን የመታው ድርቅ ግን በምድር መሞቅ የተነሳ የመከሰት ዕድሉ መቶ እጥፍ ያህል ጨምሯል አሉ። ሙቀቱ እርጥበቱን ከአፈሩ ስለሚመጥጠው ነው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው አንዱን አይደለም፣ ሌላውን ነው ያሉት።

አባት ረጅም ጊዜ አሰቡ። «ይሄኛው ሐቀኛ ነው» አሉ። «‹አይደለም› ማለት የሚያውቅ ሰው ‹ነው› ሲል ይታመናል።» ቀጥለው ደግሞ «ግን በ66ቱ የገደለን ድርቁ ብቻ አይደለም። መደበቁ ነው» አሉ።

ልጅ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተናገራቸው። «አባ፣ ድርቁ የድሮውም ይሁን የአሁኑ ውሃ መሳቡ አይቀርም አይደል?»

«አይቀርም።»

«እንግዲያው በምን እንሳብ ነው ጥያቄው።»

«እሱን ስንባባል አይደል የከረምነው» አሉና ሞተሩን ሊያስነሱ ሄዱ። ሦስት ጊዜ ገመዱን ጎተቱ። በአራተኛው ተነሳ።

ረቡዕ፤ ውጫሌ

አምባሰልን በግራ ይዘን ወጣን። ውጫሌ የውሉ አገር ነው። ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልክተኛ ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል። በጣሊያንኛው ግድ ነው። ከአንድ ግስ አድዋ ወጣ።

እዚያ ቆሜ አንድ ዓመት ትዝ አለኝ። አድዋ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1896። በዚያው ዓመት፣ በሚቀጥለው ወር፣ ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል ስዊድናዊ ኬሚስት አንድ ስሌት አሳተመ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ምድር ምን ያህል ትሞቃለች የሚል ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ሳተላይት የለ፤ በእጁ አስልቶ። እንግዲህ «አሁን የመጣ ፋሽን ነው» የሚለው ነገር የአድዋ እኩያ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ተራራ ላይ መለካት ሲጀመር ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ዛሬ ከ420 አልፏል። ይሄ ቁጥር በአማርኛም በጣሊያንኛም አንድ ነው። የሚለያየው አንቀጽ 17ቱ ነው፦ ማን ያቁም፣ ማን ይክፈል፣ «ይቻላል» ነው «ግድ ነው» የሚለው።

ሻይ ቤት ገባሁ። በዚህ አካባቢ የድንጋይ ከሰል እንዳለ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። የአገራችን ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምድጃቸውን የሚያነድዱት በከሰል ነው፤ ከውጭ በዶላር ይገባ የነበረውን በአገር ውስጥ ለመተካት ሲባል ደግሞ ከሰል የሚባል ነገር ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል። አንድ የሲኖ ሾፌር ይህን ሲያብራራ ዓይኑ ያበራል። ሥራ ነው፣ እንጀራ ነው።

ባለሻይ ቤቷ ብርጭቆ እያጠበች «ገንዘቡ ለናንተ፣ አቧራው ለእኔ» አለች።

«እንግሊዝ በከሰል አይደል ያደገችው?» አላት።

«አሁን ግን ዘግታዋለች» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ። እውነት ነው፤ የመጨረሻውን የከሰል ኃይል ማመንጫዋን በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ዘግታለች።

«ከጠገበች በኋላ!» አለ ሾፌሩ። ዞሮ አየኝ። «አንተ አዲስ አበባ ምን ቤት ነው የምትኖረው?»

«ኮንዶሚኒየም።»

«በጭቃ ነው የተሠራው?»

ሻዬን ጠጣሁ። በ2020 ዓ.ም. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ይህን ሾፌር ፊተኛው ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት ብዬ ተመኘሁ። ባለሻይ ቤቷንም፣ ከጎኑ።

ሐሙስ፤ መመለሻ

ሌሊት ትንሽ አካፋ። አቧራውን እንኳ አላጠፋም። የለጋምቦው ሽማግሌ ጋ ደርሶ ይሆን?

እማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ስንቅ ቋጠረችልኝ። ሰባት እንጀራ።

«እናንተ ቤት በምንድን ነው የምትጋግሩት?» አለችኝ ስትጠቀልል።

«አንጋግርም። እንገዛለን።»

«እሱስ በምን ተጋግሮ ነው?»

ስድስት ቀን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ከረምኩ። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለችው ሱቅ በየሁለት ቀኑ አሥር እንጀራ እገዛለሁ። ከየት እንደሚመጣ፣ ከሥሩ ምን እንደሚነድ ጠይቄ አላውቅም።

«አላውቅም እማ።»

አላሾፈችብኝም። ፌስታሉን አሰረችና ሰጠችኝ። «እንግዲህ የዚህን ልንገርህ። አራቱ የመብራት ነው፣ ሦስቱ የባሕር ዛፍ።»

«የቱ የቱ ነው?»

«አዲስ አበባ ስትገባ ፌስቡክን ጠይቅ» አለችኝ፣ በሩን እየከፈተች።